ልጅ ሲታመም ምን ይታያል? መቼስ ከቤት ይወጣል?
ለአሰላና ለአርሲ ደጋ ወላጆች

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል። በክረምት በር ይዘጋል፣ ምድጃው ቤት ውስጥ ይነዳል፣ ልጆች ተጠጋግተው ይተኛሉ፤ ሳል፣ ጉንፋንና የሳንባ ምችም ይበረታሉ። ከከተማዋ ወደ ዴራ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ወይም ወደ አዋሽ ሸለቆ ለሚወርድ ቤተሰብ ደግሞ ወባ አለ። ተቅማጥ ደጋ ቆላ አይልም።

ልጅ ሲታመም ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን ያዘው?» የሚል ነው። አንዷ ጎረቤት ምች ነው ትላለች፣ ሌላዋ ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ሦስተኛዋ ዓይን በልቶት ነው። ስሙ ሲፈለግ ቀኑ ይመሻል። የበሽታውን ስም ማውጣቱን ለባለሙያ ይተዉት። የእርስዎ ድርሻ ምልክቱን ማየትና ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት መወሰን ነው። ጤና ጣቢያው በእግር ወይም በጋሪ ሰዓታት በሚርቅበት፣ በክረምትም መንገዱ ጭቃ በሚሆንበት ቀበሌ ይህ ውሳኔ ከሁሉም ይቀድማል።

ይህ መመሪያ በተለይ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ምርመራን አይተካም፤ ምርመራው እንዳይዘገይ ግን ይረዳል።

ከመታመሙ በፊት የሚሠሩ አራት ነገሮች

1. ስልክ ቁጥሮችን ይያዙ። የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የቅርቡን ጤና ጣቢያና የወረዳውን አምቡላንስ ቁጥር ጠይቀው በስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ግድግዳ ላይም ይጻፉት። ሌሊት ሊያደርስዎ የሚችል የባጃጅ ወይም የጋሪ ባለቤት አስቀድመው ያነጋግሩ።

2. ትንሽ ሣጥን ያዘጋጁ። በውስጡ ሁለት ፓኬት ኦ አር ኤስ (ብዙዎች «ለምለም» ብለው የሚያውቁት)፣ በብብት የሚለካ ቴርሞ ሜትር፣ የፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ ልኩ የታወቀ የ1 ሊትር ዕቃ፣ የልጁ የክትባት ካርድና የጤና መድን ደብተር ይኑሩ። የመድኃኒቶቹን ማብቂያ ቀን በየጊዜው ይመልከቱ።

3. ክትባቱን ያሟሉ። የክትባት ቀጠሮዎቹ ሲወለድ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ናቸው። ከሳንባ ምች የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣውን የሮታ ቫይረስ የሚከላከለው በ2013 ተከትሏል። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ2019 ተጨምሯል። የ15 ወሩ ቀጠሮ በቀላሉ ይረሳልና ከአሁኑ ምልክት ያድርጉበት። ያመለጠ ክትባት ካለ «ጊዜው አልፏል» ብለው አይተዉት፤ ካርዱን ይዘው ይሂዱ። ቀላል ጉንፋንም ክትባት አያስቀርም።

4. ልጁን ለሚጠብቅ ሰው ያስተምሩ። በኅዳርና በታኅሣሥ ስንዴና ገብስ ሲሰበሰብ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ከታላቅ እህቱ ወይም ከአያቱ ጋር ቤት ይውላል። ቀጥለው የተዘረዘሩትን አራት ምልክቶች እነሱም በቃላቸው ይያዙ፤ ምልክቱን ሲያዩ ማንን እንደሚጠሩም ይወቁ።

ደረጃ አንድ፦ አራቱን አስጊ ምልክቶች ይፈልጉ

ልጁ በማንኛውም ሕመም ቢታመም አስቀድመው እነዚህን ይመልከቱ፦

• መጥባት ወይም መጠጣት አይችልም።
• የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል፤ ሆዱ ውስጥ የሚቆይ ነገር የለም።
• በዚህ ሕመም ወቅት አንቀጥቅጦታል ወይም አሁን እያንቀጠቀጠው ነው።
• ስልምልም ብሏል፤ ሲጠሩት አይነቃም ወይም ራሱን ስቷል።

ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢታይ ሌላ ምልክት አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይነሡ። መጥባት የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይም ያጥቡት፤ ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ ከደረትዎ ያስጠጉት።

የጤና ኬላና የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ምርመራቸውን የሚጀምሩትም ከእነዚሁ ምልክቶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያወጡት ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ጎንደር ነበር። ስለዚህ በር ላይ እንደደረሱ «መጥባት አቁሟል» ወይም «ሁለት ጊዜ አንቀጥቅጦታል» ቢሉ ባለሙያው ወዲያው ይረዳዎታል።

ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ

ለጨቅላ ሕፃን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ ጨቅላ ሕፃን በሰዓታት ውስጥ ሊደክም ይችላል። የብብቱ ሙቀት 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቢሆን፣ ወይም ከ35.5 በታች ወርዶ ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ፣ በደንብ መጥባት ቢያቆም፣ ካልነኩት በስተቀር ባይንቀሳቀስ፣ እትብቱ ዙሪያ ቀልቶ መግል ቢይዝ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ቢሆን፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ቤት ውስጥ ምንም ሳይሞክሩ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

በደጋ አገር ጨቅላን የሚጎዳው አንዱ ነገር ብርድ ነው። ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው አይጠቡት። ኮፍያና ካልሲ ያድርጉለት፤ ክብደቱ አነስተኛ ከሆነ ልብሱን አውልቀው በእናቱ ጡት መካከል ቆዳ ለቆዳ አስጠግተው ከላይ ይሸፍኑት። ከእናት ጡት በፊት ቅቤ ማዋጥ፣ እትብቱ ላይም ቅቤ፣ አመድ ወይም እበት መቀባት ይቅር፤ ባለሙያ የሰጠው የእትብት ቅባት ካለ እሱ ብቻ ይደረግ።

ደረጃ ሁለት፦ ትንፋሹን ይቁጠሩ

የሚያስል ልጅ ሁሉ የሳንባ ምች አለው ማለት አይደለም። አብዛኛው ሳል ተራ ጉንፋን ነው። ልዩነቱን ለማየት የሚያስፈልግዎ ስልክዎ ላይ ያለው ሰዓት ብቻ ነው።

1. ልጁ ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገልጠው ሆዱንና ደረቱን ይመልከቱ። እያለቀሰ ወይም እየጠባ አይቁጠሩ።
2. ሆዱ አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል።
3. ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። የዚያኑ ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ያድርሱት።
4. አየር ሲያስገባ የታችኛው የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጉድ፣ በእርጋታ ሳለም ሲተነፍስ ሲጥ የሚል ድምፅ ቢኖረው ወይም ከንፈሩ ቢጠቁር ጊዜ አይስጡ፤ ሌሊት ቢሆንም ይነሡ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር የሳንባ ምችን በጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ማከም የጤና ኬላ ሥራ አልነበረም። ከ2010 ወዲህ ግን ተፈቅዷል። ስለዚህ ትንፋሹ ፈጣን ሆኖ አስጊ ምልክት የሌለው ልጅ በቀበሌው ኬላ ሊታከም ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በውሃ የሚሟሟ የአሞክሲሲሊን እንክብል ነው፤ ልጁ በሁለተኛው ቀን ቢሻለው እንኳ የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ ይሰጠው። የተረፈ መድኃኒት ለታናሹ አስቀምጦ መስጠት፣ ወይም ሳል በጀመረ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን መግዛት መድኃኒቱ በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ትንፋሹ ካልፈጠነ ሳሉን ቤት ውስጥ ይንከባከቡት። አፍንጫው ቢታፈን ከመጥባቱ በፊት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የጡት ወተት ብቻ ይበቃል፤ ደጋግመው ያጥቡት። ዕድሜው ከ1 ዓመት ካለፈ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ወይም ለብ ያለ ሻይ በሎሚ ጉሮሮውን ያለሰልሳል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ በተለይም በቤቱ ረጅም ጊዜ የሚያስል ትልቅ ሰው ካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቁ። በተከታታይ አስሎ መጨረሻ ላይ ትንፋሹን ስቦ የሚያስመልስ ከሆነ ትክትክ ሊሆን ስለሚችል ያስመርምሩት።

የምድጃውንም ነገር ያስቡበት። የኩበትና የእንጨት ጭስ የሕፃን ሳንባ ያቆስላል። እንጀራ ሲጋገር ሕፃኑ በጀርባ ታዝሎ ከጭሱ በላይ እንዳይውል ሌላ ሰው ይያዘው፤ በርና መስኮት ይከፈት። ለሙቀት ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ቤተሰብ ሊገድል ይችላል።

ደረጃ ሦስት፦ ትኩሳት

ትኩሳትን በእጅ ከመገመት በቴርሞ ሜትር በብብት ይለኩ፤ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ከዚያ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ብርድ ቢሆንም ጋቢና ብርድ ልብስ አይደራርቡበት። አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል።
2. ደጋግመው ያጥቡት ወይም ያጠጡት።
3. ሙቀቱ 38.5 ከደረሰ ወይም ካስቸገረው ፓራሲታሞል ይስጡት። መጠኑ በክብደት ነው፦ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ሽሮፖች ጥንካሬያቸው ይለያያልና ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብበው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። በሁለት መጠኖች መካከል 6 ሰዓት ይሁን፤ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይለፍ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።
4. በበረዶ ውሃ መንከር ወይም በአልኮል ማሸት አይገባም።

ትኩሳቱ በዚህ ቢወርድም መንስኤው አልተነካም። የሚከተሉት ሲኖሩ ያስመርምሩት፦ ትኩሳቱ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ፣ አንገቱ ከገተረ፣ ሽፍታ ካለው፣ ወይም ባለፉት ሳምንታት ወደ ቆላ ወርዶ ከነበረ።

የመጨረሻውን ለባለሙያው ሳይጠየቁ ይንገሩት። አሰላ ከተማ ላይ ወባ ብዙም ስለማይጠበቅ፣ ልጁ ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ዴራ ወይም ዝዋይ ሰንብቶ እንደነበር ካልተነገረ ምርመራው ሊታለፍ ይችላል። ከወባማ ቦታ የተመለሰ ልጅ ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር።

ሌላም የአካባቢው ትኩሳት አለ። ግርሻ የሚባለው በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ሲሆን፣ ትኩሳቱና ብርድ ብርድ ማለቱ ጥቂት ቀን ይዞ ይለቅና ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ እስከ ኅዳር 2016 በአርሲ ዞን ከተሞች ተቀስቅሶ ነበር። ቅማል ያለበትን ልብስና መኝታ በፈላ ውሃ ይቀቅሉ፤ ትኩሳት ሄዶ ከተመለሰ ደግሞ «ደህና ሆኖ ነበር፣ አገረሸበት» ብለው ይናገሩ።

ሲያንቀጠቅጠው

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ከፍተኛ ትኩሳት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ማየቱ ያስደነግጣል፤ የሚደረገው ግን አጭር ነው። ከእሳትና ከጠንካራ ነገር አርቀው መሬት ላይ በጎኑ ያስተኙት፤ የአንገቱን ልብስ ያላሉ፤ ሰዓት ይመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት፣ ውሃም ሆነ መድኃኒት አይክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውሃ መድፋት፣ እጅ እግሩን መጨበጥ አይጠቅምም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደጋገመ በዚያው ይነሡ፤ ቶሎ ቢያቆምም እንዳቆመ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የማጅራት ገትርና ወባም ያንቀጠቅጣሉና «የተለመደው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ደረጃ አራት፦ ተቅማጥ

በተቅማጥ ልጅን የሚገድለው የውሃና የጨው መሟጠጥ ነው። ስለዚህ ሕክምናው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቅጥን ያለ ሰገራ ነው፤ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ አይጠበቅም።

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።
2. 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይለኩ። የውሃ ሃይላንድ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ግን ግማሽ ሊትርና 2 ሊትር የሚይዙም ስላሉ መጠኑን ከላዩ ያንብቡ። የኦ አር ኤሱን ፓኬትም ለስንት ሊትር እንደሆነ ይዩት፤ አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው።
3. ሙሉውን ፓኬት ጨምረው ይበጥብጡ። ስኳር፣ ጨው ወይም ወተት አይጨምሩበት። ውሃ ማሳነስም ፓኬቱን መከፋፈልም ያበላሸዋል።
4. በተቀመጠ ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ይስጡ። ከ2 ዓመት በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት ሲኒ ያህል ይሁን። በማንኪያ ወይም በሲኒ ቀስ ብለው ያጠጡት፤ ጡጦ አይጠቀሙ።
5. ቢያስመልስ 10 ደቂቃ ይጠብቁና በየማንኪያው ዘግየት እያሉ ይቀጥሉ።
6. የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ፤ አዲስ ይበጥብጡ።
7. ከጤና ኬላው የዚንክ እንክብል ይውሰዱ። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በታች ላለ 10 ሚሊ ግራም፣ ለ10 ቀን ይሰጣል። በማንኪያ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም 10ሩን ቀን ይጨርሱ።
8. ምግብ አይከልክሉት። ጡት ይጥባ፤ ከ6 ወር በላይ ያለው ለስለስ ያለ ገንፎ፣ እርጎና የተፈጨ ድንች ይብላ። ኦ አር ኤስ እስኪገኝ የሩዝ ውሃ ወይም ቀጠን ያለ የገብስ አጥሚት ያጠጡት፤ ለስላሳና ጣፋጭ መጠጥ ግን ተቅማጡን ያብሳል።

ውሃው ከሰውነቱ እየተሟጠጠ መሆኑን በዓይንዎ ማወቅ ይችላሉ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሕፃኑ እርግብግቢት ይሰረጉዳል፤ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፤ ሽንቱ ይቀንሳል። የሆዱን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል። እነዚህ ከታዩ ኦ አር ኤሱን እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ልጁ መጠጣት ካቃተው ወይም ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው በቤት አይታከምም። ተቅማጥ ማስቆሚያ እንክብልም ለልጅ አይሆንም።

ውሃ ሲያፈሉ ከፍታውን ያስታውሱ። በአሰላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያቆዩት። ማገዶ ካጠረ እንደ ውሃ አጋር ያለ የማከሚያ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ።

ደረጃ አምስት፦ ጆሮ፣ ጉሮሮና ቆዳ

ጆሮ። ጆሮውን እየነካ የሚያለቅስ ወይም መግል የሚወጣው ልጅ ይመርመር። እስከዚያው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው መግሉን እያስጠጡ ያድርቁት፤ ዘይት፣ ቅቤ፣ የቅጠል ጭማቂ አይጨምሩ። ከጆሮው ጀርባ አብጦ ካመመው በዚያው ቀን ይወሰድ።

ጉሮሮ። ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው ትኩሳት ያለበት የጉሮሮ ሕመም፣ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ በቀላሉ አይለፍ። በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል ሳይታከም ሲደጋገም በአንዳንድ ልጆች ላይ የመገጣጠሚያ ሕመምና ዘላቂ የልብ በሽታ ያስከትላል። በአገራችን ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ሊያስቀረው ይችላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ደም መፍሰስንና መመረዝን እንጂ ፈውስን አያመጡም። ለተቅማጥ ተብሎ የሕፃኑን ድድ ፈልቅቆ ጥርስ ማስነቀልም እንደዚሁ።

ኩፍኝ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የቀላ ዓይን፤ ቀጥሎ ከፊት ጀምሮ ወደ ሰውነት የሚወርድ ሽፍታ። መርፌ አይነካውም እየተባለ በጨለማ ክፍል የሚቆይ ልጅ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በጤና ተቋም ቫይታሚን ኤ ይሰጠዋል፤ ሳንባው፣ አፉና ዓይኑም ይታያል። ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪያልፍ ከሌሎች ልጆች ይለይ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቶሎ ከነገሩ የጎረቤቱ ልጆች እንዲከተቡ ታደርጋለች።

እከክና ቆረቆር። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በብብት የሚታይ ማሳከክ እከክ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከመ፣ ልብሱና አንሶላውም ካልተቀቀለ ይመላለሳል። ራስ ላይ ፀጉር የሚያረግፈው ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

ደረጃ ስድስት፦ ከሕመሙ በስተጀርባ ያለውን ይዩ

አንድ ልጅ እየደጋገመ ከታመመ ሁለት ነገሮችን ይመርምሩ።

የመጀመሪያው ክብደቱ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ መሐል ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አብጠው ሲጫኗቸው የሚሰረጉዱ ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ሕክምናው በጤና ተቋም ይሰጣል። የክንድ መለኪያው ጤና ኬላ ውስጥ አለ፤ ሲሄዱ ይጠይቁ። አርሲ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ወተት የሞላበት አገር ሆኖ ሳለ ሕፃን የሚቀጭጨው ብዙ ጊዜ ገንፎው ቀጥኖ ባዶውን ስለሚሰጠው ነው። የገብስ ገንፎ በባቄላ ወይም በአተር ዱቄት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በትንሽ ቅቤ ይበልጽግ፤ ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ወፍራም ይሁን።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። በብርድ አገር ሕፃን ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይከርማል፤ ፀሐይ ያላገኘ አጥንት ይለሰልሳል፤ የደረት አጥንቱ የለሰለሰ ልጅ ደግሞ አተነፋፈሱ ይደክማል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ በሳንባ ምች በተያዙ ልጆች ላይ ይህ የአጥንት መለስለስ (ሪኬትስ) ካልተያዙት በብዙ እጥፍ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። ነፋስ በሌለበት ደጅ፣ ጠዋት፣ እጅና እግሩን ገልጠው በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ፀሐይ ያሙቁት። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይሠራም።

ቫይታሚን ኤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ፣ የወስፋት መድኃኒት ደግሞ ከ2 ዓመት ጀምሮ በየ6 ወሩ እንዲሰጠው ይከታተሉ።

ጤና ተቋም ሲደርሱ

አስጊ ምልክት የሌለበትን ልጅ ወደ ጤና ኬላ፤ አስጊ ምልክት ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱ። ለከባድ ሕመም የዞኑ ትልቁ መዳረሻ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሪፈር ከተባሉ የሪፈር ወረቀቱን ይዘው ወዲያው ይሂዱ፤ «ቤት ደርሰን፣ ልብስ ይዘን» ማለት ውድ ሰዓት ይበላል።

ለባለሙያው እነዚህን ይንገሩ፦ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የቆጠሩትን ትንፋሽና የለኩትን ሙቀት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንዳስቀመጠውና እንዳስመለሰው፣ የመጨረሻ ሽንቱን፣ የሰጡትን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ ወደ ቆላ መውረዱን። የባህል መድኃኒት ሰጥተው ከሆነም ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ሕክምናውን ሊለውጥ ይችላል። ጸሎቱም ጸበሉም ቢሆን ሕክምናውን ሳያዘገይ ይደረግ።

ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ፦ መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን? ምን ካየሁ በፍጥነት ልመለስ? ቀጠሮዬ መቼ ነው? የመጀመሪያውን መጠን እዚያው ባለሙያው ፊት ይስጡት፤ ስሕተት ካለ ያርሙዎታል።

ቤት ከተመለሱ በኋላ

ለሳንባ ምች፣ ለትኩሳትና ለተቅማጥ በ2 ቀን ውስጥ መሻሻል ይጠበቃል፦ ትንፋሹ ዝግ ይላል፣ ትኩሳቱ ይቀንሳል፣ መብላት ይጀምራል። ካልተሻሻለ የቀጠሮው ቀን ባይደርስም ይመለሱ። አራቱ አስጊ ምልክቶች ከታዩ በማንኛውም ሰዓት ይመለሱ። ልጁ ከዳነ በኋላ ለ2 ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ይስጡት፤ በሕመሙ ያጣውን ክብደት የሚመልሰው ያኔ ነው።

ዛሬ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሲተኛ አጠገቡ ተቀምጠው ትንፋሹን ሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በክትባት ካርዱ ጀርባ ከነቀኑ ይጻፉት። በጤናው ጊዜ ስንት እንደሚተነፍስ ካወቁ፣ ሲታመም መፍጠኑን ቶሎ ይለያሉ።